በአሴቶን የታጠበው ሌንስ

ሰው የሚያፍርበት ነገር ብዙውን ጊዜ ያቆሸሸው ነገር ነው። እኔ የማፍረው ባጸዳሁት ነው። ይህን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለባለቤቴ እንኳ ግማሹን ነው የነገርኩት፣ እሱንም ደህና ሰው የሚያስመስለኝን ግማሽ መርጬ። እናንተ ስለማታውቁኝ ይቀለኛል፤ ሙሉውን ስሙኝ።

ጊዜው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከላብራቶሪ ትምህርት ተመርቄ ገና ዓመት አልሞላኝም። የዲላ ልጅ ነኝ። አባቴ ከአዲስ አበባ አቅራቢያ መጥቶ ዲላ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እኛ ልጆቹ ጌዴኦኛ እየሰማን አድገን አንድ ዓረፍተ ነገር አጥርተን አንናገርም ነበር፤ አለመቻላችንንም እንደ ጨዋነት ነበር የምንቆጥረው። የመጀመሪያ ምደባዬ ከይርጋ ጨፌ ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ሆነ። የከተማዋን ስም ልዝለለው፤ ሰዎቹ አሉ። አገሩ ደጋ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከመክበዱ የተነሣ ከገደብ የሚመጣው አውቶቡስ ከመታየቱ በፊት ጥሩምባው ይሰማል።

ላብራቶሪው አንድ ክፍል ነበር፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ማይክሮስኮፕ። ከእኔ በፊት ሃያ ዓመት የሠሩበት ጋሽ ለማ ጡረታ ወጥተው ወደ ዲላ ከመግባታቸው በፊት ሁለት ሳምንት አብረውኝ ተቀመጡ። «ሌሎቹ ሌንሶች ይቅር ይሉሻል፤ መቶው ግን አይምርሽም» ይሉኝ ነበር። መቶው የሚሉት መቶ ጊዜ የሚያጎላውን፣ የወባን ተሕዋስ የምናይበትን ሌንስ ነው። ሲሠራ ጫፉ ደሙ በተቀባበት ስስ መስታወት፣ በስላይዱ ላይ፣ ጠብ በተደረገች ዘይት ውስጥ ይነከራል። ሥራው ሲያልቅ ዘይቱ በዕለቱ መጠረግ አለበት፤ ካደረ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል።

ጋሽ ለማ የራሳቸው አጠራረግ ነበራቸው። ለስላሳ የሌንስ ወረቀት ይቀድዱና መጀመሪያ በደረቁ ዘይቱን ያስመጥጡታል፤ አያሹም፣ ነካ ብቻ። ከዚያ በሌላ ወረቀት ላይ ዛይሊን ከሚባለው የዘይት ማስለቀቂያ አንዲት ጠብታ ያደርጉና ከመሃል ወደ ዳር አንዴ ያስኬዱታል። በመጨረሻ ሃህ ብለው ትንፋሻቸውን ያሳርፉበትና በደረቅ ወረቀት ያብሱታል። ጥጥ የለም፣ ፋሻ የለም፣ የጋውን ጫፍ የለም፣ የልብስ ሳሙና የለም፣ በረኪናማ ጭራሽ አይታሰብም። ሲጨርሱ ማይክሮስኮፑን አምፖል ወደሚበራበት ሣጥን ያስገቡታል፤ በዚያ እርጥበት አገር ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ይበቅላልና።

«ጋሽ ለማ፣ ጠብታ ብቻ ለምን? ነከር አድርገን ብናጥበውስ?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ጠይቄአቸው ነበር።

«ገላ መሰለሽ የሚታጠበው?» አሉኝ። «ጠብታ ይበቃዋል።»

ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ እኔም አልገፋሁም። በልቤ የድሮ ሰው ልማድ ነው አልኩና ተውኩት። እኔ እኮ ዲፕሎማ አለኝ፤ እሳቸው በልምድ ያደጉ ናቸው።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት ሌላም ሰው ቆማ ታይ ነበር። አየለች ትባላለች፤ የጤና ጣቢያው የጽዳት ሠራተኛ ናት። የጌዴኦ ሴት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ ጋሽ ለማ ሥር ወለል ስትወለውልና ያገለገሉ ስላይዶች ስታጥብ የኖረች። ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ ለእሷ «ሲስተር» ናት። በዚያን ጊዜ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ባሏ ቦጋለና እሷ ከተጋቡ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ስንት ዓመት ጸልየውበታል። ባልዲዋን ስታስቀምጥ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትንሽ ትቆማለች፤ ያንን አቋቋሟን አሁንም አየዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ዛይሊኑ ሲያልቅ ነው። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ፤ «ይመጣል» ተባልኩ። በደረቅ ወረቀት ብቻ እየጠረግኩ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ዲላ የጓደኛዬ ሰርግ ነበረና አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ብዬ መቶውን ከነዘይቱ ጥዬው ሮጥኩ። ሰኞ ስመለስ ጫፉ ላይ ቢጫ ቅርፊት ሠርቷል። ቅርፊቱ እንዳለ፣ በመጠኑ እየታየኝ፣ ጥቂት ቀናት ሠራሁ። ጥፍሮቼ ደግሞ ለሰርጉ እንደተቀቡ ደማቅ ቀይ ናቸው።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ታደሰ በበሩ ብቅ አሉ። የጤና መኮንንና የጣቢያው ኃላፊ ናቸው፤ ሕመምተኛ የሚያዩትም እሳቸው ናቸው።

«ሰናይት፣ ነገ ከዞን ሱፐርቪዥን አለብን። ይሄ ክፍል ፏ ብሎ ይጠብቀኝ። ያንን ጥፍርሽንም አስለቅቂው፤ በዚህ ነው እንዴ ደም የምትቀጂው?»

ሱፐርቪዥን በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል። ሕመምተኛው ወደ ጎን ይባልና ግድግዳ ይታጠባል፣ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራ ይቀባል፣ ሽንት ቤቱ በዓመት አንዴ በረኪና ይሸታል። እኔም ከሱቅ አንድ ጠርሙስ አሴቶን ገዝቼ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን ማስለቀቅ ጀመርኩ። ጥጡን አርጥቤ አንዴ ሳስኬደው ቀዩ ቀለም እልም። ሁለተኛው ጣት እልም። ዓይኔ ከጥፍሬ ተነሥቶ ወደ መቶው ሌንስ ሄደ። ይህን የመሰለ ማጽጃ እጄ ላይ እያለ ነው እንዴ ዛይሊን የምለምነው አልኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ደስታው ራሱ ትዝ ይለኛል።

ሌንሱን ከማይክሮስኮፑ ፈታሁት። ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ አሴቶን አፈሰስኩና ሌንሱን ጫፉን ወደ ታች አድርጌ አቆምኩበት።

አየለች ወለሉን እየወለወለች ነበር። ቀና አለችና ብርጭቆውን አየች። መወልወያዋን ቀጥ አደረገች።

«ሲስተር፣ እሱን ጋሽ ለማ አያጥበውም ነበር።»

«ምኑን?»

«መስታወቱን። ወረቀት ነው የሚያደርገው፤ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ትንፋሽ። ውኃ ውስጥ አያስቀምጠውም። አንድ ጊዜ እኔ ላጥብልህ ብዬ ስነካው በጣም ተቆጣኝ።»

«ይሄ ውኃ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው? ሽታው ጠንካራ ነው። ይጎዳዋል፣ ሲስተር።»

እኔ ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ። ጥፍሬን ማስለቀቄን ሳላቆም፣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት፣ «አየለች፣ አንቺ ወለልሽን ጥረጊ» አልኳት። ያልኩት ይኸው ነው፤ አልጮኽኩም፣ አልተቆጣሁም። ዝቅ ብላ ወለሏን ጠረገች።

ሌንሱ አሥሩም ጥፍር እስኪያልቅ እዚያው ቆየ። ሳወጣው ቅርፊቱ ሙልጭ ብሎ ሄዷል። በጥጥ አሸት አሸት አድርጌ ወደ መስኮቱ ብይዘው ያብረቀርቃል። ጋሽ ለማ ሃያ ዓመት እንዲህ አድርገው አጽድተውት አያውቁም አልኩ በልቤ።

አርብ ሱፐርቫይዘሮቹ መጡ፤ ሦስት ናቸው። አንደኛው ማይክሮስኮፑን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ጣቱን አስኪዶ አቧራ ፈለገ፣ አጣ። «ላብራቶሪ ማለት እንዲህ ነው» አለ። በአስተያየት መዝገቡ ላይ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ለሌሎች አርአያ እንደሆነች ከነስሜ ጻፈ። አንዳቸውም ዓይናቸውን ወደ መመልከቻው አላስጠጉም። እኔም በዚያ ቀን አላስጠጋሁም፤ ንጹሕ ነገር ምን ይታያል ብዬ።

ሰኞ ጠዋት በስብሰባ ላይ አቶ ታደሰ መዝገቡን ከፍተው አስተያየቱን ለሁሉም አነበቡ። ተጨበጨበልኝ። ከስብሰባው ስወጣ አየለች ከላብራቶሪው በር ጎን አግዳሚው ላይ ጋቢ ተከናንባ ተቀምጣለች። የመጣችው ለሥራ መስሎኝ ነበር። ጥርሷ ይንቀጠቀጣል።

«ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ሲስተር። ራሴን ይፈልጠኛል።»

ከሁለት ሳምንት በፊት የእህቷ ባል ሞቶባት ቆላ፣ ወደ አባያ ወርዳ ነበር፤ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጣለች። የዚያ አገር ሰው ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሆነ ሳይመረመር ያውቃል። አቶ ታደሰ ግን በዚህ ጥብቅ ናቸው፤ መድኃኒቱ ትንሽ ነው፣ እርጉዝ ደግሞ በግምት አትታከምም፤ ላብራቶሪ ሳይፈርም የወባ መድኃኒት አይወጣም። በዚያ ጣቢያ የሰው እጣ የሚወሰነው በእኔ ፊርማ ነበር ማለት ነው።

ጣቷን ወጋሁ፤ ደሙን ስላይድ ላይ አድርጌ ቀለም ቀባሁት። መቶውን አዞርኩ፤ ዘይት ጠብ አደረግኩ፤ ተመለከትኩ። ጭጋግ ነው። የደም ሴሎቹ ወተት ውስጥ እንደ ወደቁ ናቸው፤ በዳር በኩል ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለበት አለ። የዚያን ቀን መብራት ስለሌለ በመስኮቱ ብርሃን ነበር የምሠራው፤ ሰማዩ ነው አልኩ። ከማይክሮስኮፑ ሥር ያለውን ብርሃን መላሽ መስታወት ወዲያ ወዲህ አዞርኩ። ቀለሙ ነው አልኩ፤ ደግሜ ቀባሁ። ያው ጭጋግ። የወባ ተሕዋስ ትንሽ ቀለበት ነው፤ እንኳን በጭጋግ በጠራ ሌንስም እሱን ማየት ትዕግሥት ይፈልጋል። ምንም አላየሁም፤ ምክንያቱም ምንም ሊታይ አይችልም ነበር። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ አውቀዋለሁ፤ የተማርኩት እሱን ነው።

ከግማሽ ሰዓት በፊት ተጨብጭቦልኛል። አሁን ሄጄ ሌንሱ ሞቷል፣ የገደልኩትም እኔ ነኝ ልበል? ወረቀቱ ላይ «ኔጌቲቭ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አቶ ታደሰ ታይፎይድ ይሆናል ብለው መድኃኒት ሰጥተው ወደ ቤቷ ላኳት።

ማክሰኞ ቦጋለና ሁለት ጎረቤቶች በቃሬዛ አመጧት። ቦጋለ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ቡና ይለቅማል፣ እንሰት ይተክላል፣ እሁድ ይዘምራል። ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ከበሩ ቆመ። አየለች ዓይኗ ቢጫ ብሏል። ጣቷን ስወጋ አልተሰማትም፤ ከዚያ ግን አየችኝ። በአእምሮዋ ነበረች፤ ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

«ሲስተር» አለች፤ «መስታወቱ ደህና ነው?»

እጄ ላይ ጥጥ ነበር። ቦጋለ ያየኛል፤ እሱ የምን መስታወት እንደሆነ አያውቅም። አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ።

«ደህና ነው» አልኳት።

ጭጋጉ ከሰኞው ብሶ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ወደ አቶ ታደሰ ቢሮ ገባሁ። የአስተያየት መዝገቡ ስሜ ያለበት ገጽ ላይ እንደተከፈተ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል።

«ኔጌቲቭ?» አሉ። «ከአባያ ነው እኮ የመጣችው። እርግጠኛ ነሽ፣ ሰናይት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ሰውየው አመኑኝ። ምን ያድርጉ? ለምስክርነት ከእኔ በላይ ማን አላቸው?

ረቡዕ ጠዋት አየለች ሰው መለየት አቆመች። ሆዷን እየያዘች ታቃስታለች። አቶ ታደሰ «ዲላ ትሂድ» አሉ፤ አምቡላንስ የሚባል ነገር አልነበረንም፤ አሪቻ ወዳለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኞች አድርሶ የሚመለስ ፒክአፕ ለመንን። እኔ አብሬ እንድሄድ ታዘዝኩ። ስወጣ ወደ ላብራቶሪው ተመለስኩና የሰኞውን ስላይድ በወረቀት ጠቅልዬ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደያዝኩት ያኔ ለራሴ አልነገርኩትም። መንገዱን ሙሉ ራሷ ጭኔ ላይ ነበር፤ ትኩሳቷ በቀሚሴ አልፎ ያቃጥለኛል። ቦጋለ ከኋላ ቆሞ በጌዴኦኛ ይጸልያል። ከሚለው ውስጥ የገባኝ የእግዚአብሔር ስምና የእሷ ስም ብቻ ነው።

ዲላ እንደደረስን ደሟ ተወስዶ ወደ ላብራቶሪ ሄደ፤ ተከትዬ ገባሁ። ባለሙያው በእኔ ዕድሜ ያለ ትሑት ልጅ ነው፤ ባልደረባ መሆኔን ስነግረው ወንበር ሰጠኝ። ትንሽ ተመለከተና ፉጨት የመሰለ ነገር አሰማ።

«ነይ እዪ» አለኝ። «እንዲህ ያለ አይተሽ አታውቂም።»

አየሁ። ጥርት ብሏል። ከሴሎቹ መካከል ቀለበት ያልያዘውን መፈለግ ይቀልላል። ከኪሴ የሰኞውን ስላይድ አወጣሁና «ይሄንንስ?» አልኩት። ገልጦ አስገባው፤ ራሱ አየ፤ ከዚያ ለእኔ ለቀቀልኝ። ያው ነው። ሰኞ እዚያው ነበሩ። እኔ ፊርማዬን ሳኖር እዚያው ስላይድ ላይ ተኮልኩለው ነበር።

ልጁ ከእኛ ጣቢያ አብሮ የመጣውን የምርመራ ወረቀት አገላበጠና «ይሄ ኔጌቲቭ ተብሏል። ማን ነው ያነበበው?» አለኝ።

«ሌላ ባለሙያ ነው» አልኩት።

ሌላ ባለሙያ የለም። በዚያ ጣቢያ ከእኔ ሌላ ማይክሮስኮፕ የሚነካ ሰው አልነበረም።

የወባ መድኃኒቱን፣ ኩዊኒን፣ በግሉኮስ በደም ሥሯ ጀመሩላት። አየለች ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሰው መለየት ጀመረች። ልጇ ግን ከዚያ በፊት፣ ሊነጋጋ ሲል ሞታ ተወልዳለች። ሴት ነበረች።

ሐሙስ ቦጋለ ልጅቷን አገሯ ሊቀብር በአውቶቡስ ተሳፈረ፤ እኔም ወደ ሥራዬ ስለምመለስ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በነጭ ነጠላ ተጠቅልላለች፤ ለሌላው ተሳፋሪ የተኛ ሕፃን ነው የምትመስለው። ይርጋ ጨፌ ላይ አንዲት አሮጊት ጭነት ማውረድ አቅቷቸው ሲቸገሩ አይቶ ሊያግዛቸው ተነሣ። «ያዢልኝ፣ ሲስተር» ብሎ ሰጠኝ። ያዝኳት። ስትያዝ ምንም አትከብድም። ተመልሶ ሲቀበለኝ «ጌታ ይባርክሽ፤ ከእኛ ጋር ብዙ ደከምሽ» አለኝ። ከጓሮው ከእንሰቱ ሥር ቀበራት ሲሉ ሰማሁ፤ አልሄድኩም።

አርብ መቶውን ሌንስ ፈትቼ በመድኃኒት ፖስታ አድርጌ ተመልሼ ዲላ ወረድኩ፤ ጋሽ ለማ ቤት። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሌንሱን ተቀብለው በሰማዩ ትይዩ ያዙት። ብዙ አልቆዩም።

«በምን አጠብሽው?»

«በአሴቶን።»

«ጠርገሽበት ነው ወይስ ነክረሽው?»

«ነክሬው።»

ቀስ ብለው ፖስታው ውስጥ መለሱት። «ይሄ አንድ መስታወት አይደለም። ደቃቅ ደቃቅ መስታወቶች ናቸው፣ አንዱ ከአንዱ በሙጫ የተያያዘ። ዛይሊኑም ቢሆን ጠብታ የሆነው ለዚህ ነው፤ ዘይቱን ያነሣል፣ ሙጫው ጋ ሳይደርስ ይተናል። አሴቶን ግን ሙጫውን ነው የሚበላው። ከላይ ያብለጨልጭልሻል፣ ከውስጥ ይለያየዋል። ዛይሊን ስታጪ ለስለስ ያለ የዕቃ ሳሙና በተጣራ ውኃ አቅጥነሽ፣ ወረቀቱን እርጥብ አድርገሽ ደጋግመሽ ብትነኪው ቀስ ብሎ ይለቅ ነበር። ሁለት ቀን ይፈጃል እንጂ ይለቃል።» ከዚያ «ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ምክንያቱን ልነግርሽ ይገባ ነበር» አሉ። «ግን አየለች እኮ ታውቃለች። አልነገረችሽም?»

ፖስታውን ተቀብዬ ተነሣሁ። ስለ ልጅቷ አልነገርኳቸውም፤ የጠየቁኝም ሌንሱን ብቻ ነው።

ለአቶ ታደሰ ግን ነገርኳቸው፤ ይህንን አድርጌአለሁ። እስክጨርስ ሰሙኝና ተነሥተው በሩን ዘጉ። «የሱፐርቪዥኑ ሪፖርት ሄዷል» አሉ። «አርአያ ተብለሻል፤ አርአያ ተብለናል። ሌንሱ በእርጅና ተበላሸ ብለሽ ጻፊ፤ አዲስ ይጠየቃል። ልጅቷን አንቺ አትመልሻት።» እንዳሉኝ ጻፍኩ። «በእርጅና» የሚለው ቃል በእጄ ጽሕፈት እስከ ዛሬ አንድ ፋይል ውስጥ ይኖራል። አዲሱ ሌንስ በወሩ መጣ፤ ዛይሊኑም አብሮ መጣ። በእነዚያ ቀናት ኔጌቲቭ ያልኳቸው ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። መዝገቡ ላይ ስማቸው ነበር፤ ተከታትዬ አልጠየቅኩም፤ ፈራሁ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ጥሩ ሰው ሆንኩ ብላችሁ እንድትደመድሙልኝ አልፈልግም። የሆነው ትንሽ ነው። ጌዴኦኛ ተማርኩ፤ ዘግይቶም ቢሆን። ዛሬ ተማሪዎች አስተምራለሁ፤ ስለ ጽዳት ሳስተምር ማጽጃው ምን እንደሚያነሣ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚበላ አስቀድማችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ፤ ምክንያቱንም እነግራቸዋለሁ። ያልታየኝን አላየሁም ብዬ መጻፍ ተምሬአለሁ፤ «ማንበብ አልተቻለም» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች፤ ያኔም ነበረች፤ አትከብድም። የጽዳት ሠራተኛ ሲናገር ብዕሬን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። ይህን ሁሉ ስታነቡ ተማረች ትሉ ይሆናል። እኔ ግን የተማርኩበትን ሳስብ ትምህርቱ ይመረኛል። ያንን የመሰለ ትምህርት በሌላ ሰው ልጅ መማር ነውር ነው። ከእናንተም መካከል ተጨብጭቦለት ማግስቱን አፉ የተያዘበት ካለ ምን እንደምል ይገባዋል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ የደበቅኩት ግማሽ እሱ ነው።

አየለች በሁለተኛው ወር ወደ ሥራ ተመለሰች። ከስታለች፤ ቀሚሷ ሰፍቷታል። ባልዲዋን ይዛ ገባች፤ አስቀመጠችው፤ እጇ በልማድ ወደ ሆዷ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ። እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ። ልነግራት የተለማመድኩትን ሁሉ ረሳሁት።

«እትዬ አየለች» አልኩ። እንደዚያ ጠርቻት አላውቅም። «ሌንሱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሰኞም ማክሰኞም አይታየኝም ነበር። እያወቅኩ ነው የፈረምኩት።»

«አውቃለሁ፣ ሲስተር።»

«ታዲያ ለቦጋለ ለምን አልነገርሽውም? ለአቶ ታደሰስ? ዲላ ለነበሩት ሐኪሞችስ?»

መወልወያዋን ባልዲው ውስጥ ነክራ ጨመቀችው። ቆጣ ብትል፣ ብታለቅስ፣ ብትሰድበኝ እወድ ነበር። ምንም አላደረገችም።

«ለአንቺ ነገርኩሽ» አለች። «ሁለት ጊዜ ነገርኩሽ። የመስታወቱ ባለቤት አንቺ ነሽ፤ አንቺ ካልሰማሽኝ እነሱ ይሰሙኛል?»

ከዚያ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረበችና በትሕትና ጎንበስ አለች።

«በይ እግርሽን አንሺልኝ፣ ሲስተር። ወለሌን ልጥረግ።»